ለስላሳውና ኢነርጂው ነው የሚያስጨንቀን ወይስ እንቅልፍ ማጣቱ?

ፈተና በደረሰ ቁጥር ደሴ ግቢ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ይነሳል። እርግጠኛ ከሆነው ልጀምር። ካፌይን እንቅልፍ ያባርራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ በትንሽ በትልቁ ይረበሻል።

አንዲት ተማሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዶርሟ ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ኢነርጂ ጠጣች እንበል። ብዙዎቹ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አላቸው። ሰውነት ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 40 ሚሊ ግራም ያህሉ ገና ሰውነቷ ውስጥ ነው! ጠዋት ፈተና ስትገባ ልቧ ይመታል፣ ያጠናችው ይጠፋባታል። ለመንቃት ደግሞ ሌላ ትከፍታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ አዙሪት ነው።

ስኳሩስ? ጣፋጭ መጠጥ የሚያበዙ ተማሪዎች ላይ ጭንቀት በርከት ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ግን የተጨነቀ ሰውም ጣፋጭ ያበዛል። የቱ የቱን እንዳመጣ ከዚህ ብቻ አይለይም።

ከሰው ሰውም ይለያያል። አንዱ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ድብን ብሎ ይተኛል፤ ሌላው በአንድ ኮካ ሲገላበጥ ያድራል። እስቲ ለአንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ካፌይን ያለበትን ተዉትና እንቅልፋችሁን እዩት። ጭንቀቱ ከቀጠለ ግን የግቢውን ክሊኒክ አማክሩ።