መዓዛማ ቅጠሎችና የኩላሊት ጠጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው ሕመሙን አይረሳውም። ከጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ብሽሽት እየወረደ፣ መለስ ቀለስ እያለ ቁጭ ብድግ ያሰኛል። እንዲህ የተጨነቀ ሰው መካሪ አያጣም፤ አንዱ ጦስኝ አፍልተህ ጠጣ ይላል፣ ሌላው በሶብላ፣ ሦስተኛው የፓርስሊ ጭማቂ በባዶ ሆድ። መካሪዎቹ ቅኖች ናቸው። ችግሩ ጠጠሩ ምን ዓይነት ነው፣ ምንስ ያህላል ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

«ቅጠሉ ጠጠሩን ያሟሟዋል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት ይህ ነው። ከ100 ጠጠሮች 80 ያህሉ የካልሲየም ናቸው፤ አብዛኞቹም ካልሲየም ከኦክሳሌት (በብዙ ተክሎች ውስጥ ከሚገኝ ንጥረ ነገር) ጋር ተጣብቆ የሠራቸው። ይህን የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር የሚያሟሟ፣ በአፍ የሚወሰድ ቅጠልም ሆነ ኪኒን እስካሁን የለም። በመድኃኒት ሊሟሟ የሚችለው የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው፤ እርሱም ቢሆን የሽንቱ አሲድነት ቀንሶ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6.5 እስከ 7 ሲደርስ። ለዚህ ሐኪሞች የሽንትን አሲድነት የሚቀንስ ፖታሲየም ሲትሬት የተባለ መድኃኒት ያዝዛሉ፤ ሽንቱንም እየለኩ ይከታተላሉ።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። የአንዳንድ ቅጠሎች ጭማቂ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የክሪስታሎችን እድገት ሲያዘገይ ታይቷል፤ በአይጦች ላይም ተስፋ ሰጪ ውጤት ተገኝቷል። ነገር ግን በብልቃጡ ውስጥ ጭማቂው በቀጥታ ክሪስታሉ ላይ ይፈስሳል። ሰው ሲጠጣው አንጀት የሚችለውን ያህል ይመጥጠዋል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ሽንት ውስጥ የሚደርሰውም ጥቂት ነው፣ እሱም ከደረሰ። ቅጠል ሻጮች ይህን ረጅም መንገድ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ ጠጥቼ ወጥቶልኛል»

መውጣቱን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ምንም ሳይደረግለት በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይወጣል። በእነዚያ ሳምንታት ጦስኝ የጠጣው ጦስኙን ያመሰግናል፤ ጸሎት ያደረሰውም ጸሎቱን። በሕመሙ ሰዓት ውኃን በግድ መጋት እንኳ ጠጠሩን ፈጥኖ እንደሚያወጣ አልተረጋገጠም። የ12 ሚሊ ሜትር ጠጠር ያለበት ሰው ግን በጓደኛው ምስክርነት ተማምኖ ወራት ቢጠብቅ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል።

ለቅጠል ሻይ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ግን አልፈልግም። አዲስ ጠጠር እንዳይፈጠር ከሚረዱት ነገሮች ቀዳሚው ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ጠጠር አንድ ጊዜ ይዟቸው የነበሩ ሰዎችን ለ5 ዓመት ተከታትሎ፣ ውኃ አብዝተው ከጠጡት 12 በመቶውን፣ ካልጠጡት ደግሞ 27 በመቶውን ጠጠር እንደ ደገማቸው አግኝቷል። ግቡ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት መሽናት ነው። ባዶ ውኃ የሚሰለቸው ሰው ስኳር በሌለው የሚንት ወይም የጥብስ ቅጠል ሻይ መጠኑን ቢሞላ ምን ክፋት አለው?

«የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም»

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የዕፅዋት ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ ጥፋተኛው አሪስቶሎኪያ በተባለ ተክል ውስጥ ያለ አሲድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በየቀኑ 16 ብርጭቆ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ ይጠጣ የነበረ የ56 ዓመት አሜሪካዊ ከሻይ ቅጠሉ በገባ ኦክሳሌት ኩላሊቱ ሥራ እንዳቆመ ሐኪሞች ጽፈዋል። ሁለቱም ተክሎች ናቸው።

ምግብ ላይ የሚነሰነስ ፓርስሊ የሚያስፈራ አይደለም። ተጨምቆ በብርጭቆ ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክምበታል። ጤና አዳምም ሆነ ብዛት ያለው ፓርስሊ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ከቅጠል የተጣራ ዘይት ደግሞ ፈጽሞ አይጠጣ፤ ጥቂት ጠብታ ውስጥ የብዙ ቅጠል ኃይል ታምቋል።

«ወተት ማቆም አለብህ»

ከቅጠሉ ምክር ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነው፤ የተገላቢጦሽም ነው። በምግብ የገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞት ይወጣል። ካልሲየሙ ሲቀር ኦክሳሌቱ ወደ ሽንት ያልፋል። መቀነስ ያለበት ጨውና የሥጋ ብዛት ነው።

«ሕመሙ ከቆመ ወጥቷል»

ሁልጊዜ አይደለም። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወስደውን ቱቦ የዘጋ ጠጠር ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላም ኩላሊቱን በዝምታ ሊጎዳ ስለሚችል በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ፣ ሽንት ከተቋረጠ ወይም ትውከት አላቆም ካለ ሻይ ለማፍላት ጊዜ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጠጠሩ በራሱ ይወጣል የተባለ ሰው ሽንቱን በጥሩ ወንፊት ወይም በጋዝ ጨርቅ ያጥልለው። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የሚሻክር ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያን ሁሉ ሥቃይ ያመጣው ይህ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። አይጣል። በደረቅ ንጹሕ ዕቃ ተደርጎ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ምግብና መድኃኒት የሚወስነው ዓይነቱን ሲያውቅ ነው።