ካያክ ቀዘፋና ዓሣ ማጥመድ በሰሜን ሸዋ ወንዞች

ሰሜን ሸዋ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ደጋው ነው። የመንዝ ብርድ፣ የአንኮበር ተራራ፣ የደብረ ብርሃን አረቄ። ወንዞቹን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይህ ደጋ ግን የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መነሻ ነው። ከጣርማ በር ሸንተረር በስተ ምዕራብ የዘነበው ዝናብ በበሬሳ፣ በወንጪትና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በስተ ምሥራቅ የዘነበው ደግሞ በከሰም፣ በጀወሃና በአጣዬ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በእነዚህ ወንዞች ላይ በካያክ መቅዘፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን ከጀልባው በፊት ወራቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ካያክ ጠባብና ቀላል ጀልባ ነው። የአርክቲክ አዳኞች የባሕር እንስሳ ቆዳ በእንጨት ወይም በአጥንት ማዕቀፍ ላይ ወጥረው ይሠሩት ነበር። ቀዛፊው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። መቅዘፊያው ሁለቱም ጫፉ ሰፊ ነው፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይቀዘፋል። ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው ከፕላስቲክ ነው። ወገብ ድረስ የሚሸፍን አለ፣ ከላዩ የሚቀመጡበት ክፍት አለ፣ በአየር የሚነፋም አለ። ለዓሣ ማጥመድ የሚመረጠው ሰፋ ያለው ክፍቱ ነው፤ ቢገለበጥም ውሃ አይሞላም፣ መልሶ ለመውጣትም ይቀላል።

ለሰሜን ሸዋ ግን የእኔ ምርጫ የሚነፋው ነው። ክፍቱ የፕላስቲክ ካያክ ብዙውን ጊዜ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጀማ ሸለቆ ለመድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ አለ፤ መመለሻው ደግሞ ሽቅብ ነው። የሚነፋውን አጣጥፎ በትከሻም በበቅሎም መውሰድ ይቻላል። መኪና ወንዙ ድረስ የሚደርስበት ቦታ ጥቂት ነው። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ጀማን በድልድይ ስለሚሻገር ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው።

ወደ ወራቱ እንምጣ። ሐምሌና ነሐሴ የሚቀዘፍበት ጊዜ አይደለም። ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው። ያኔ ውሃው ይጠራል፣ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ጥልቀትም አለው። ከጥር ወዲያ ላይኞቹ ወንዞች ቀንሰው እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ በልግ ሊጥል ይችላል።

ትልቁ አደጋ ደራሽ ጎርፍ ነው። ቆላው ላይ ፀሐይ ጠራርታ እያለ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ በድንገት ከተፍ ይላል። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የወንዙን ራስጌ ነው። ወንዙ ዳር ስትደርሱ ልክ ከውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጡ። ምሳችሁን በልታችሁ ስትመለሱ ድንጋዩ ከተዋጠ ውሃው እየሞላ ነው ማለት ነው። ውሃው ከጠራ ወደ ሻይ መልክ ሲለወጥ፣ አረፋና ቅጠል ይዞ ሲመጣ፣ ከሥር ድንጋይ ሲንኳኳ ከተሰማ፣ ጊዜ ሳትፈጁ ወደ ከፍታ ውጡ። ዕቃ ለመሰብሰብ መመለስ የለም። ድንኳን ደረቅ አሸዋ ላይ መትከልም በእነዚህ ሸለቆዎች ነገር መፈለግ ነው።

ጀማሪ የሆነ ሰው እዚህ ወንዝ ላይ ባይጀምር ይሻለዋል። የመጀመሪያው ትምህርት የረጋ ውሃ ይፈልጋል። ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ባሉ መዝናኛዎች ካያክ ይገኛል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለችም። እዚያ ቀጥ ብሎ መቅዘፍን፣ መዞርን፣ ጀልባውን ማቆምን መልመድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆን ብሎ ተገልብጦ፣ ከጀልባው ወጥቶ፣ መልሶ ጀልባው ላይ መውጣትን መልመድ። ይህን ዳር ላይ ጓደኛ ቆሞ እያየ ካልተለማመዱት ወንዝ ውስጥ አይመጣም። ሲቀዝፉ ክንድ ብቻውን ቶሎ ይደክማል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከወገብ መጠምዘዝ ነው። በደጋ አየር ደግሞ ድካሙ ይብሳል።

ላይፍ ጃኬት ዋና ለሚችልም ለማይችልም ግዴታ ነው፤ መታጠቂያው እስከ መጨረሻው ይቆለፍ። ድንጋያማ ወንዝ ላይ ሄልሜት ይጨመራል። ውርጭ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። የረጠበ ጥጥ ልብስ ሙቀት አይዝም፤ ጋቢና ቅያሪ ልብስ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ይታሰር።

ጀልባው ተገልብጦ ፈጣን ውሃ ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ታችኛው ወገን ዘርጉ። ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ ሥር ከተቀረቀረ ጉልበት የማይሞላ ውሃ እንኳ ሰው ይደፋል። ቋጥኝ ላይ ከተለጠፋችሁ ሰውነታችሁን ወደ ቋጥኙ አስጠጉ እንጂ አትሽሹት፤ ከሸሻችሁት ውሃው ጀልባውን ይገለብጠዋል። ጎርፍ ካመጣው ግንድ ግን ከሩቁ ራቁ። በቆላው በኩል ያሉ የመስኖ ወንዝ መጥለፊያ ግድቦች ሲያዩአቸው ዝቅ ያሉ ናቸው። ከሥራቸው ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሰው ይዞ ያስቀራል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። ጀልባውን ተሸክሞ በዳር ማለፍ ነው።

ልምድ ላላቸው የጀማ ሸለቆ ትልቅ ፈተና ነው። ፈጣን ውሃ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 6 (ከባዱ) ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃው ግን በውሃው መጠን ይለዋወጣል። ገደል ውስጥ የሚወጣበት መንገድ ላይኖር ስለሚችል እያንዳንዱን መታጠፊያ ወርዶ በእግር ማየት ይገባል። ቢያንስ ሦስት ሆኖ መሄድ፣ የመወርወሪያ ገመድ መያዝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው የእንግሊዝ ቡድን ዓባይን ሲወርድ ኢያን ማክላውድ የተባለ አባሉን አጥቷል፤ ሰውየው የሞተው ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ተከትለው ሜዲትራኒያን ደርሰዋል። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ አዞ አለ። ወደ ዓባይ በተጠጋው የጀማ ክፍል ከመግባት በፊት የወንዙ ዳር ነዋሪዎችን መጠየቅ የግድ ነው። እረኞቹ ከካርታ የበለጠ ያውቃሉ። የመንገዱን ሰላምም ቀድሞ ማጣራት ነው።

ከዓሣዎቹ በብዛት የሚገኙት አምባዛና ቢልጫ ናቸው። አምባዛ ጢማም ነው፣ ጨለምለም ሲል ይበላል፣ ትልና ሥጋ ይወዳል። የክንፉ እሾህ እጅ ይወጋል፤ ከጭንቅላቱ ኋላ አጥብቃችሁ ያዙት። አየር ስለሚተነፍስ ጀልባ ውስጥ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል፤ የምትበሉት ከሆነ ወዲያው ግደሉት። ቢልጫ ፈጣኑ ውሃ ኩሬ ውስጥ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ይገኛል። ጀልባችሁን ከቋጥኝ ጀርባ ባለው ረጋ ያለ ውሃ አቁማችሁ ወደ ጠርዙ ወርውሩ።

በካያክ ሲጠመድ ዘንጉ ከጀልባው ጋር ይታሰር፤ ክሩን ግን ወገብ ላይም እጅ ላይም መጠምጠም የለም። በሚፈስ ውሃ ላይ መልሕቅ በጎን ከተጣለ ጀልባውን ጎትቶ ይገለብጠዋል። ገመድ የሚቆርጥ ቢላ ደረት ላይ ይሁን። ዓሣው ሲሳብ ጭንቅላታችሁ ከጀልባው መሐል አይውጣ፤ ብዙ ሰው የሚገለበጠው ዓሣውን ለማየት ሲያጎነብስ ነው።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማፍዘዝ በብዙ የአገራችን ወንዞች የቆየ ልማድ ነው። ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። በመርዝ ማጥመድን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከልክሏል። ፈቃድን በተመለከተ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቢልጫ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ትንንሽ ገባሮች ይወጣል፤ በመስከረም ሆዷ የተነፋ ከያዛችሁ መንጠቆውን ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ ልቀቋት።