ግርማሜ ንዋይ፦ ከታኅሣሡ ግርግር በፊት የነበረው ገዥ

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት፣ የ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር፣ በተነሳ ቁጥር ከጠንሳሾቹ አንዱ የሆነው የግርማሜ ንዋይ ስም አብሮ ይነሳል። ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው የተንሻፈፈ ነው። እኔን የሚቆጨኝ በአውራጃ ገዥነት የሠራው ሥራ ተረስቶ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ መቅረታቸው ነው።

«ወታደር ነበር»

አልነበረም። ወታደሩ ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ግርማሜ አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ሲቪል ነው። የማስተርስ ጽሑፉን የሠራው በኬንያ ስለነበረው የነጮች ሰፈራ ፖሊሲ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። የመሬት ነገር ገና በተማሪነቱ ያብሰለስለው ነበር።

«ወላይታን ማስተዳደር አቅቶት ተነሳ»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ወላይታ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነው። ብዙው ገበሬ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። የጭሰኛውን ኑሮ ለማሰብ አንድ የመኸር አውድማ ይበቃል። ሲሶ አራሽ ከሆነ ከእህሉ ሲሶው ለባለመሬቱ ይሰፈራል። እኩል አራሽ ከሆነ ግማሹ ይሄዳል። ባለመሬቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ የለም፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በጎን ጦም ያደረ ሰፊ መሬት አለ።

ግርማሜ ይህን ባዶ መሬት መሬት ለሌላቸው ማከፋፈል ጀመረ። መንገድና ድልድይም አሠራ። ባለመሬቶቹ ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸውን ይዘው ቤተ መንግሥት ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠርተው ሲጠይቁት፣ ሕዝቡ ተርቦ መሬት ሲለምነኝ ባዶ መሬት እያለ እንዴት እምቢ እላለሁ የሚል መልስ እንደሰጠ ይነገራል። ከወላይታ ያስነሳው ይኸው ክስ ነው።

«ጅጅጋ መላኩ እድገት ነበር»

ማዕረጉ ያው የአውራጃ ገዥነት ነው፤ ቦታው ግን ዳር አገር። ባለመሬቶቹ ከዓይናቸው ራቀላቸው። ግርማሜ ግን እዚያም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የአካባቢው ሶማሌ ከብት አርቢ ነው፤ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ወሰን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከወሰኑ ማዶ ሶማሊያ በሰኔ 1952 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ውሃም ትምህርት ቤትም ሕክምናም ያልሰጠ መንግሥት ይህን ሕዝብ የእኔ ነው ብሎ እንዴት ያቆየዋል? ግርማሜ እነዚህን ነገሮች ለማምጣት ሞከረ። ከላይ የሚበቃ ድጋፍ አላገኘም። በእኔ እምነት አንድ ገዥ ብቻውን የትም እንደማይደርስ ቁርጡን ያወቀው በነዚህ ሁለት አውራጃዎች ነው።

«ዘውዱን ለማጥፋት ተነሳ»

የአመፁን አዋጅ በራዲዮ ያነበቡት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። አዋጁም እሳቸው በሕገ መንግሥቱ መሠረት በደመወዝ አገር እንደሚያገለግሉ ይናገራል። ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሰየሙትም ራስ እምሩ ነበሩ።

«እጁ ንጹሕ ነው»

ይህን የሚሉት ወዳጆቹ ናቸው። እኔም ሥራውን አከብራለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። አመፁ ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ከሞቱት መካከል ናቸው። መሣሪያ በሌላቸው እስረኞች ላይ የተፈጸመ ግድያ ነው። ከአመፁ ጠንሳሾች አንዱ እሱ ነውና ከዚህ ደም ነፃ ላወጣው አልችልም።

«ተፈርዶበት ተሰቀለ»

ፍርድ ቤት የቀረቡት ጄኔራል መንግሥቱ ናቸው። ወንድማማቾቹ ከአዲስ አበባ ሸሽተው በሞጆ አካባቢ ሲከበቡ ግርማሜ እዚያው ሞተ፤ ጄኔራሉ ቆስለው ተያዙ። የግርማሜ አስከሬን አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። ጄኔራሉ ደግሞ ሞት ተፈርዶባቸው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ።