አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ለላይብረሪ ስንጠቁም የምንስታቸው ነገሮች

አሜሪካ የምንኖር የአማርኛ አንባቢዎች አንድ የጋራ ቅሬታ አለን። «ሰፈራችን ላይብረሪ ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት ያረጁ ናቸው፣ አዲስ ነገር አይገባም» እንላለን። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አዲስ መጽሐፍ መውጣቱን ሰምተን ለላይብረሪው የጠቆምነው? የምንጠቁመውም ብንሆን ብዙ ጊዜ አናውቅበትም። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እነሆ።

«የእኔን ጥቆማ ማን ያየዋል?»

ያዩታል። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕዝብ ላይብረሪዎች ድረ ገጻቸው ላይ «ይህን መጽሐፍ ግዙልን» የሚባልበት ቅጽ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የላይብረሪ ካርድ ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሠራተኞቹ ሌላ ብዙ መንገድ አላቸው። የሂስ መጽሔቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ላይብረሪ ሪድስ የሚባል አለ፤ የላይብረሪ ሠራተኞች ራሳቸው ድምፅ እየሰጡ በየወሩ አዳዲስ መጻሕፍት ይመርጡበታል። ወደ አማርኛ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊደሉን የማታነብ ላይብረሪያን ባለፈው ወር አዲስ አበባ ላይ ምን እንደታተመ በምን ታውቃለች? ከእኛ ካልሰማች ከማንም አትሰማም። ስለዚህ የአንድ አማርኛ አንባቢ ጥቆማ ከምናስበው በላይ ይመዝናል።

«ርዕሱን ከጻፍኩ ይበቃል»

ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ። የመጽሐፉ ውስጥ ገጽ «2017 ዓ.ም.» ይላል እንበል። ለእኛ ትኩስ መጽሐፍ ነው፤ መስከረም 2017 ማለት እኮ በፈረንጆቹ መስከረም 2024 ነው። ላይብረሪያኗ ግን ቁጥሩን እንዳለ ነው የምትወስደው። ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው አሮጌ መጽሐፍ ይመስላታል። ብዙ ላይብረሪዎች ደግሞ ከታተመ ጥቂት ዓመታት ያለፈውን መጽሐፍ ለመግዛት ጥያቄ አይቀበሉም። በቃ፣ መጽሐፉ ምንም ሳይበድል ውድቅ ተደረገ ማለት ነው። የፈረንጆቹን ዓመት ጻፉ፣ አጠገቡም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017» ብላችሁ አስረዱ።

ቀጥሎ የደራሲው ስም። ቅጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ ቢኖር ከበደን የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ እንሞላዋለን፤ መጽሐፉም ሄዶ «ከ» ሥር ይደረደራል። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን «አ» ሥር ስንፈልግ እንውልና «የለም» ብለን እንወጣለን። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያንን ስም የሚመዘግበው በራስ ስም ነው፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም የምትጠይቁት። በማስታወሻው ቦታ ላይ «ሁለተኛው የአባት ስም ነው፣ በመጀመሪያው ስም መዝግቡት» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፉ መለያ ቁጥር። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ በ978-99944 የሚጀምር ቁጥር ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ታገኛላችሁ። የሌለውም ሞልቷል። ሲጠፋ የሽፋኑን ፎቶ፣ ርዕሱን በላቲን ፊደልና የት እንደሚሸጥ ማከል ይጠቅማል። የመጨረሻው ነገር በተለይ ወሳኝ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች የሚገዙት ውል ካላቸው አቅራቢዎች ነውና ደራሲው በራሱ ወጪ አሳትሞ መርካቶ ያስቀመጠውን መጽሐፍ ላይብረሪያኗ ብትፈልግም የምትገዛበት መንገድ ላይኖራት ይችላል።

«ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካለ ሁሉም ጋ አለ»

የለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ቢሮ አለው፣ የኢትዮጵያን መጻሕፍትም የሚሰበስበው በእሱ በኩል ነው። ግን የሚሰበስበው ለራሱና አብረውት ለሚሠሩ የምርምር ላይብረሪዎች ነው፣ ለሰፈራችሁ ላይብረሪ አያከፋፍልም። አገር ቤት ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) መግባቱም እንደዚያው ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው፤ እዚያ ከተመዘገበ የናንተዋ ላይብረሪያን መዝገቡን ቀድታ መጠቀም ትችላለች። ስለዚህ ካታሎጉን ቀድማችሁ እዩት፣ ካገኛችሁትም ሊንኩን አያይዙት። በፊደላችን ፈልጋችሁ ካጣችሁ በላቲን ሞክሩ።

«ከመለመን ገዝቶ መስጠት ይሻላል»

ደግነት ነው፣ ግን አደራ፣ ሳትጠይቁ አትስጡ። በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። «የላይብረሪው ወዳጆች» የሚባሉት ማኅበራት በሚያዘጋጁት ሽያጭ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ክፋት አይደለም። የስጦታ መጽሐፍም ቢሆን መመዝገብ፣ ባርኮድ መለጠፍ፣ ቦታ ማግኘት አለበት፤ አማርኛ የሚመዘግብ ሰው ደግሞ በየላይብረሪው አይገኝም። ደራሲዎች ይህን ባለማወቅ አሥር አሥር ኮፒ ጥለው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ካታሎጉ ላይ ሲያጡት ይናደዳሉ።

«ኢ-ቡክ ለላይብረሪ ርካሽ ነው»

በፍጹም። እናንተ አንዴ ከፍላችሁ የምትይዙትን እነሱ በፈቃድ ነው የሚከራዩት። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሱት በኋላ ላይብረሪው እንደገና እንዲገዛው ወስኖ ነበር። ሌሎቹም በዓመት ገደብ ይሸጣሉ።

«ጥሩ መጽሐፍ ለሁሉም ጥሩ ነው»

«ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ሁሉም ሊያነበው ይገባል» ብሎ መጻፍ ለላይብረሪያን ምንም አይነግራትም። ማን ያነበዋል? ይህን ነው ማወቅ የምትፈልገው። ሲያትል ላይብረሪያን የነበረችው ናንሲ ፐርል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ቦታና ዘመኑ፣ ቋንቋው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ በጣም ይሠራል። እናታችን ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት ካላወቀቻቸው አትቀጥልም፣ አጎታችን ደግሞ ዘመኑ የጃንሆይ ከሆነ ሌላው አያሳስበውም፣ ቋንቋው ያማረ ከሆነ ታሪክ የሌለውንም የሚጨርስ ሰው አለ። «በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ታሪክ ወዳድ ሰዎች ይጠይቁታል» የሚል አንድ መስመር ከአምስት መስመር ሙገሳ ይበልጣል። ፐርል ሌላ ሕግም አላት፣ ለጓደኛ ስትጠቁሙ ትጠቅማለች። እስከ 50 ዓመት ከሆናችሁ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ዕድል ስጡት፤ ካለፋችሁ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱ። የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ አንብቦ ካልጣመው ማንም አይወቅሰውም ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ስንቱን መጽሐፍ በይሉኝታ ጨርሻለሁ!

«መደርደሪያ ላይ ከወጣ አለቀ»

ገና ተጀመረ። ላይብረሪዎች ለረጅም ጊዜ ያልተዋሱትን መጽሐፍ ያነሳሉ። የሚያዩት የውሰት ቁጥሩን ነው፣ የመጽሐፉን ክብር አይደለም። እኛ ደግሞ ለምነን እናስገዛና «የራሴ ኮፒ አለኝ» ብለን ሳንዋሰው እንቀራለን። ወይ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለን እናነብና ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፤ ይሄ ብዙ ቦታ አይቆጠርም። ያስገዛችሁትን መጽሐፍ በካርዳችሁ አውጡት፣ ለዕቁብና ለማኅበር ጓደኞቻችሁም ወረፋ እንዲይዙ ንገሯቸው። ወረፋው ሲረዝም ሁለተኛ ኮፒ የሚያዝዙ ላይብረሪዎች አሉ።