ከቨርድ ኮል ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። እኔ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ የድሬ ሙቀት እስኪበርድ እየጠበቅኩ ነበር። «አቦ፣ ከዲቪደንዱ ላይ በየወሩ ሌላ ገንዘብ የሚያመጣ ነገር አለ ይሉኛል። ከቨርድ ኮል። ምንድን ነው?» አለኝ። በስልክ ግማሹን ነገርኩት። ሙሉው ይኸው።

በሱቅ እንጀምር። መጋላ ውስጥ የሚከራይ ሱቅ አላችሁ እንበል። አንድ ነጋዴ ይመጣና «እስከ ወሩ መጨረሻ ሱቁን በ5 ሚሊዮን ብር የመግዛት መብት ስጡኝ። ለመብቱ አሁኑኑ 40 ሺህ ብር እከፍላለሁ። ባልገዛም ገንዘቡ የእናንተ ነው» ይላችኋል። ተስማማችሁ። 40 ሺውን ኪሳችሁ ከተታችሁ። ሱቁም ኪራዩም እስከዚያ የእናንተ ነው። ሰውየው ሳይመጣ ወሩ ካለቀ ከሌላ ሰው ጋር እንደገና ትዋዋላላችሁ።

እንግዲህ ሱቁን በአክሲዮን፣ ኪራዩን በዲቪደንድ (ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ በሚያካፍለው ትርፍ) ተኩት። የሸጣችሁት የመግዛት መብት «ኮል» ይባላል። የተቀበላችሁት ገንዘብ ደግሞ «ፕሪሚየም» ነው። «ከቨርድ» የተባለው አክሲዮኑ እጃችሁ ላይ ስላለ ነው፤ ገዢው ቢመጣ የምታስረክቡት አታጡም። እጁ ላይ የሌለውን አክሲዮን ኮል የሚሸጥም አለ። ዋጋው ሲወጣ የእሱ ኪሳራ ጣሪያ የለውም፤ ወደዚያ አትጠጉ።

«በቃ ቀብድ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቀብድ ሽያጩ ሲፈጸም ከዋጋው ላይ ይታሰባል፤ ፕሪሚየም አይታሰብም። ደግሞም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የበላ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ እጥፉን መልሶ ከውሉ ይወጣል። ኮል የሸጠ ሰው እንዲህ ያለ በር የለውም። ማድረግ የሚችለው ገዢው መብቱን ሳይጠቀም በፊት ያንኑ ኮል በዕለቱ የገበያ ዋጋ መልሶ መግዛት ነው። አክሲዮኑ ከወጣ ደግሞ ያ ዋጋ ያናድዳል።

አሁን በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የኮል ውል አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ነው። በ50 ዶላር ሂሳብ 100 አክሲዮን ገዛችሁ፤ 5,000 ዶላር ወጣ። ዲቪደንዱ በየሦስት ወሩ 75 ዶላር ነው፣ በዓመት 300። ከዚያ አክሲዮኑን በ53 ዶላር የመግዛት መብት ለአንድ ወር ሸጣችሁ፤ በአክሲዮን 40 ሳንቲም፣ በድምሩ 40 ዶላር ገባ።

ወሩ ሲያልቅ ዋጋው 51 ከሆነ ገዢው አይመጣም። 40 ዶላሩም አክሲዮኑም ቀረላችሁ። 60 ከገባ ግን በ53 ታስረክባላችሁ። 300 ዶላር አተረፋችሁ፣ 40 ሲጨመር 340። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ኖሮ ግን 1,000 ታገኙ ነበር። ወደ 42 ከወረደስ? 800 ዶላር ወረደባችሁ፤ 40ዋ የምትደጉመው ትንሽ ነው። ልብ በሉ፤ ወደ ላይ ያለው በር ተዘግቷል፣ ወደ ታች ያለው ግን ወለል እንዳለ ነው። ስለዚህ ፕሪሚየሙን «ሁለተኛ ዲቪደንድ» ሲሉት አልወድም። ነገ ሊመጣ የሚችለውን ትርፍ ዛሬ በርካሽ የሸጣችሁበት ዋጋ ነው።

ዲቪደንዱ ራሱ ሊያመልጥ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዲቪደንዱን የሚወስደው ከመቁረጫው ቀን በፊት አክሲዮኑን የያዘ ሰው ነው። በአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ኮል የገዛ ሰው ደግሞ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን መጠበቅ የለበትም፣ ሲፈልግ አክሲዮኑን አስረክቡኝ ይላል። በመቁረጫው ዋዜማ ዋጋው ከ53 በላይ ከሆነ፣ በኮሉ ላይ የቀረው የጊዜ ዋጋም (ገዢው አሁኑኑ ቢጠቀምበት ከሚያተርፈው በላይ ያለው የኮሉ ዋጋ) በአክሲዮን ከሚከፈለው 75 ሳንቲም ዲቪደንድ ካነሰ፣ ገዢው ያን ማታ አክሲዮኑን ሊወስድ ይችላል። ዲቪደንዱም አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ነገር፣ ጥሩ ዲቪደንድ የሚከፍሉት ብዙዎቹ የመብራት፣ የስልክ፣ የሲጋራ ኩባንያዎች ናቸው። ዋጋቸው ብዙ አይዘልም። የማይዘል አክሲዮን ደግሞ ፕሪሚየሙ ቀጭን ነው። ዲቪደንዱም ፕሪሚየሙም የወፈረ ካገኛችሁ ገበያው አንድ ነገር ሸቶታል ማለት ነው። ዲቪደንድም ይቆረጣል፦ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲኤንድቲ የሚዲያ ንግዱን ሲለይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ አክሲዮን የሚከፍለውን ዓመታዊ ዲቪደንድ ከ2.08 ዶላር ወደ 1.11 አውርዶታል።

እኛ ጋ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ይህን ልሞክር ቢል አይችልም። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ነዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። አክሲዮን መገበያየቱን ገና እየለመድነው ነው፤ ኮል የሚሸጥበት ገበያ የለንም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጥሩ ነው፣ ከመሥሪያ ቤቴ በተሰጠኝ አክሲዮን ልጀምር» አለ። በውሉ ዋጋ አስረክብ ቢሉህ ትሰጣለህ ወይ አልኩት።

«እነሱንማ አልሸጥም፣ አቦ! የልጆቼ ናቸው።»

እንግዲያው ኮሉንም አትሽጥ አልኩት።