«ፕላስቲክ ሊያስገቡባት ነው?» ስለ ፕላስቲክ ሰርጀሪ የምንሰማውና እውነታው

ባለፈው እሑድ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቡና እየጠጣን ወሬው ወደ ፕላስቲክ ሰርጀሪ፣ የሰውነትን ቅርጽ በቀዶ ጥገና ወደሚያስተካክለው ሕክምና ዞረ። የጎረቤታችን የእህት ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ አፍንጫዋን ልታሠራ አስባለች። ከአቦል እስከ በረካ ያልተባለ ነገር የለም። እኔን ግን ነገሩ ይነካኛል። የአክስቴ ልጅ በአምስት ዓመቷ የፈላ ውሃ አንገቷ ላይ ተደፍቶባት ነበር። ቁስሉ ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ አገጯን ወደ ደረቷ ጎተተው። ቀና ያደረጋት ይኸው ሕክምና ነው። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ያኔ ሐኪሞቹን የጠየቅኩትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ይዤ፣ እሑድ የተባሉትን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ስሙ ላይ ፕላስቲክ አለ፤ ፕላስቲክ ያስገባሉ ማለት ነው»

ቡናው ላይ የነበሩ አንዲት እትዬ በጣም ደንግጠው ነበር። አይዞዎት፣ እንደዚያ አይደለም። ቃሉ ከግሪክ «ፕላስቲኮስ» የመጣ ነው፤ እንደ ሸክላ ጭቃ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዛይስ በዚህ ስም መጽሐፍ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ባክላይት የሚባለው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ስለዚህ ስሙ ጀሪካናችንን ይቀድማል።

ሲሊኮን የሚባል ሰው ሠራሽ ነገር የሚገባበት ሕክምና አለ፤ ጡት ላይ ለምሳሌ። እሱም ዕድሜ ልክ እንዲቆይ ተብሎ አይገባም፤ ክትትል ይፈልጋል፣ አንድ ቀን መቀየር ሊኖርበት ይችላል። አብዛኛው ሥራ ግን የሚሠራው በሰውየው በራሱ ቆዳ፣ በራሱ ስብ፣ ከጆሮው ወይም ከጎድኑ በሚወሰድ ለስላሳ አጥንት ነው።

«የሀብታምና የዘፋኝ ቅንጦት ነው»

እ.ኤ.አ. በ1794 አንድ የለንደን መጽሔት ከሕንድ የመጣ ታሪክ አተመ። ኮዋስጂ የሚባል የበሬ ጋሪ ነጂ በጦርነት ተማርኮ አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። የአገሩ ባለሙያ ከግንባሩ ቆዳ አዲስ አፍንጫ ሠራለት። ቆዳውን ቆርጦ አላነሣውም። አንዱን ጫፍ ከነደም ሥሩ እንደተያያዘ ትቶ፣ ወደ ታች አዙሮ ሰፋው። ደም ስለሚደርሰው ሕያው ሆኖ ቆየ። ዛሬም በካንሰር አፍንጫቸውን ላጡ ሰዎች ይህ መንገድ ይሠራበታል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፊታቸው በጥይትና በፍንዳታ የፈረሰ ወታደሮች ወደ እንግሊዝ ይጎርፉ ነበር። በኒውዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸውን መልሶ ይሠራ ነበር። አጠገቡ ሄንሪ ቶንክስ አለ። ቶንክስ ሰዓሊ ነው፤ ግን ቀዶ ሐኪምም ነበር። የቆሰሉትን ፊቶች ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ በቀለም ይሥላቸዋል። ሳይንስና ጥበብ ይገናኛሉ ሲባል እኔ ትዝ የሚሉኝ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ቅንጦት ነው ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ይህ እርግማን አይደለም፤ በማኅፀን ውስጥ ፊት ሲሠራ ሁለቱ ጎኖች ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። የሚሰፋው ሐኪም የከንፈሩን ጠርዝ መስመር አንድ ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ፣ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ይታወቅበታል። አፍንጫ የሚያሳምረውም የሚፈልገው ይህንኑ ዓይንና ይህንኑ እጅ ነው።

«ጥሩ ሐኪም ከሆነ ጠባሳ አይተውም»

ይህን ያመነ ሰው ሁሉ ያዝናል። ቆዳ ከላይ እስከ ታች ከተቀደደ ጠባሳ ይኖራል። የባለሙያው ጥበብ ጠባሳውን የት እንደሚያሳርፈው ማወቁ ነው፤ ጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ቆዳ በተፈጥሮው የሚታጠፍበት መስመር ላይ።

የአክስቴ ልጅ አንገት ላይ የተሠራውን ሐኪሟ በወረቀት ሥሎ አሳይቶኛል። የተኮማተረውን መስመር ቆረጠው፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ በ60 ዲግሪ ሁለት ቁርጥ ጨመረ፤ የዜድ ፊደል መሰለ። ከዚያ የተፈጠሩትን ሁለት ሦስት ማዕዘን ቆዳዎች ቦታ አቀያየራቸው። በስሌት መስመሩ ሦስት አራተኛ ያህል ይረዝማል። ቅዳሜ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ቢያዩት ወዲያው ይገባቸዋል። ልዩነቱ ጨርቅ አይሞትም። ቆዳ ጫፉ ላይ ደም ካጣ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ስለዚህ እጁ የፈለገውን ሁሉ አይሠራም፤ የደም ሥሩ የፈቀደውን ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኬሎይድ ይበዛል፤ ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ እብጥ ያለ ጠባሳ ማለት ነው። ጆሮሽን ስትበሺ አብጦ የቀረ ነገር ካለ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

«ፎቶ ይዤ ብሄድ እንደ እሷ ያደርገኛል»

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ አይታችኋል? የመላእክቱን ፊት የሣለው ሰው እንዳሰበው ሥሎታል፤ ጣሪያው አልተከራከረውም። ቆዳና አጥንት ግን ይከራከራሉ። የአፍንጫ ጫፍ ቆዳ ወፍራም ከሆነ፣ ሥሩ ያለው ለስላሳ አጥንት ምንም ያህል ቢቀረጽ ቅርጹ ደምቆ አይወጣም። ለማሳነስ ተብሎ ብዙ ከተነሣለት ደግሞ አፍንጫው ወደ ውስጥ ሊሰረጉድና መተንፈስ ሊያስቸግር ይችላል። እብጠቱ ሙሉ ለሙሉ እስኪወርድ ዓመት ይፈጃል።

«ትክክለኛ ፊት» የሚባለውም መለኪያ ከአውሮፓ ሰዓሊዎች የመጣ ነው፤ የአፍንጫ ስፋት የፊት አንድ አምስተኛ ይሁን፣ ፊት በሦስት እኩል ይከፈል የሚል። ሰው በተግባር ሲለካ ብዙ ሕዝብ አይገጥመውም። አፍሪካውያንማ ከዚያ ሰፋ ያለ አፍንጫ አለን፤ ጉድለት አይደለም። የልጅቷን አፍንጫ የማሳምረው እኔ ብሆን አያቷን የምትመስልበትን ነገር አልነካም ነበር።

«ስብ ቢመጡኝ እከሳለሁ»

አይሠራም። ስብ መምጠጥ በስፖርትና በአመጋገብ አልሄድ ያለን የአንድ ቦታ ክምችት ለማስተካከል ነው። ውፍረት አይታከምበትም።

«መርፌ ስለሆነ ፀጉር ቤትም ይወጋል»

ይህኛው ያስፈራኛል። ፊት ለማሳመር የሚወጉት ቦቶክስና ፊለር አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻን ያላላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ፊለር ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደለ ቦታ ይሞላል። ፊለሩ በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ያንን በደቂቃዎች ውስጥ ለይቶ የሚያክም ሰው ከሌለ አትወጉ።

ለጎረቤታችን የእህት ልጅ «ተይ» አላልኳትም። ፊቷ የራሷ ነው። ስፔሻሊስት መሆኑን አረጋግጪ፣ የሠራቸውን ሰዎች ፎቶ ከዓመት በኋላ ያሉትን ጠይቂ፣ «ይህን አልሠራም» የሚል ሐኪም ካገኘሽ ምክንያቱን ስሚው አልኳት። ቅዳሜ ቤታችን ትመጣለች። የአክስቴ ልጅም ትመጣለች፤ ሻሿን ፈትታ አንገቷን ራሷ ላሳያት ብላለች።