የጀርመን ቴሌቪዥን «የልደት ልዩ ዝግጅት» ምንድን ነው?

ጀርመን ውስጥ አንድ አንጋፋ ኮሜዲያን ስልሳ፣ ሰባ ወይም ሰማንያ ሲሞላው ቤተሰቡ ኬክ ይቆርስለታል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ አንድ ምሽት ይሰጠዋል። ያ ምሽት ነው የልደት ልዩ ዝግጅት የሚባለው። ልደተኛው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ የድሮ ጭውውቶቹ ይታያሉ፣ አብረውት የሠሩት ተራ በተራ እየገቡ ያሞግሱታል፣ ደፈር ያሉትም ይጎሽሙታል። እስከዚህ ድረስ የትም አገር ያለ የምስጋና ፕሮግራም ነው። ነገሩ የሚለየው ልደተኛው ዕድሜ ልኩን ከአንድ ሰው ጋር ተጣምሮ የሠራ፣ ስሙ ሲነሳ የሌላው ስም አብሮ የሚነሳ ሲሆን ነው። ያኔ ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ሁለተኛው ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ ለማየት ነው።

ጀርመኖች በዜሮ የሚያልቅ ዕድሜ ላይ ቀልድ አያውቁም። ከቀኑ አስቀድሞ «እንኳን አደረሰህ» ማለት መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው ስለሚያምኑ አንድ ቀን ቀድሞ የተናገረ ሰው ፊት ይነሳል። መቶ ዓመት ለሞላው ዜጋ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የእንኳን አደረሰዎ ደብዳቤ ይልካል። በዚህ ላይ የጣቢያዎቹ ጥቅም ይጨመራል። በ1950 የተመሠረተው ኤአርዲ እና ሥርጭቱን በ1963 የጀመረው ዜድዲኤፍ (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከየቤተሰቡ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደሩ የሕዝብ ጣቢያዎች ናቸው። ክፍያው ከ2021 ጀምሮ በወር 18.36 ዩሮ ነው። የአሥርት ዓመታት ቅጂ በየመዝገብ ቤታቸው ተከምሯል። አንድ ሶፋ፣ አንድ አቅራቢ፣ ጥቂት እንግዶችና የራስን ቅጂ አውጥቶ ማሳየት አዲስ ድራማ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ሒሳቡም አልተረሳም።

ይህን ሁሉ ለመረዳት ሎሪዮ እና ኤቭሊን ሃማን የተባሉትን የኮሜዲ ጥንድ ማወቅ ይጠቅማል። የሎሪዮ እውነተኛ ስም ቪኮ ፎን ቡሎ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1923 ብራንደንቡርግ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። በ1950ዎቹ ሽተርን ለተባለው መጽሔት ሰውና ውሻ ቦታ የተለዋወጡበትን ተከታታይ ሥዕል ሲያወጣ አንባቢ ተቆጥቶ መጽሔቱ አቋረጠው። ከ1976 እስከ 1978 ራዲዮ ብሬመን ከተባለው ጣቢያ ጋር ለቴሌቪዥን የሠራው ተከታታይ ፕሮግራም ስድስት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ስድስት! ዛሬ በሁለት ወር የሚያልቅ ነገር ነው፤ የጀርመን ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ ከእነዚያ ስድስት ክፍሎች የወጣ አነጋገር ሲጠቅስ ይውላል። ሃማን በ1942 ሃምቡርግ የተወለደች የቴአትር ተዋናይት ነበረች፤ ለዚያ ፕሮግራም ስትመረጥ የምትሠራው ብሬመን ነበር። ከእሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታንሳለች።

በብዛት የሚጠቀሰው ጭውውታቸው የፓስታው ነው። አንድ ጨዋ ሰውና አንዲት ጨዋ ሴት ሬስቶራንት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰውየው አፉን በናፕኪን ሲጠርግ አንዲት የፓስታ ክር ፊቱ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። እሱ አላወቀም። ፍቅሩን ሊገልጽ ነው የመጣው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ወደፊት ሕይወታቸው፣ ስለ ስሜቱ ጥልቀት ይዘረዝራል። ሴትየዋ አፏን ልትከፍት ስትል «አሁን ምንም አይናገሩ፣ ሂልደጋርድ» ይላታል። በየንግግሩ መሐል ፊቱን ይነካል፣ ፓስታውም ቦታ ይቀይራል፤ አንዴ አፍንጫው ላይ፣ አንዴ ጣቱ ላይ፣ አንዴ ግንባሩ ላይ።

አሁን ሰውየውን ትታችሁ ሃማንን ብቻ እያያችሁ ድገሙት። ምንም የምታደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዓይኗ ፓስታውን ይከተላል፣ ተመልሶ ወደ ሰውየው ዓይን ይወጣል፣ ጨዋነቷ ይይዛታል፣ እንደገና ይወርዳል። ፓስታው የሚያስቀን እሷ ስላየችው ነው። እሷ ባትኖር ፊቱ ላይ ምግብ የለጠፈ ሰው ብቻ ይሆን ነበር፤ ያ ደግሞ የልጆች ቀልድ ነው። ብዙ የኮሜዲ ጥንዶች ሥራ ሲከፋፈሉ አንዱ ሞኝ፣ ሌላው ቁም ነገረኛ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ግን ሁለቱም ቁም ነገረኞች ናቸው፤ ሞኙ በመካከላቸው ያለው ሁኔታ ነው።

በሌላ ጭውውት ሃማን ብቻዋን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አስተዋዋቂ ሆና ትቀርባለች። የእንግሊዝ ወንጀል ተከታታይ ፊልም ስምንተኛ ክፍል ሊጀምር ነው፤ ያለፈውን ታሪክ ማሳጠር አለባት። የሰዎቹና የቦታዎቹ ስም በሙሉ ምላስን ጥርስ መሐል አስገብቶ በሚነገር የእንግሊዝኛ ድምፅ የታጨቀ ነው። በልበ ሙሉነት ትጀምራለች፣ ቀስ በቀስ ድምፁ ወደ ጀርመንኛ ቃሎቿም ይሰርጋል፣ በመጨረሻ ራሷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ፊቷ ግን እስከ መጨረሻው የአስተዋዋቂ ፊት ነው። ሎሪዮ እዚህ ላይ አይታይም፤ የጻፈው ግን እሱ ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ በማሠራት የታወቀ ሰው ነበር፣ እሷም ያንን የምትችል ተዋናይት ነበረች።

እንግዲህ ሎሪዮ በ1983 ስልሳ ሲሞላው፣ ከዚያም በ1988 ስልሳ አምስት ሲሞላው ልዩ ዝግጅቶች ቀረቡ። 1988 ድርብ ዓመት ነው፤ ተከታታይ ፕሮግራሙ ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ «ኦዲፑሲ» በተባለው ፊልም እንደገና የተጣመሩት በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙ በመጋቢት ወር ምዕራብ በርሊንም ምሥራቅ በርሊንም ተመረቀ፤ ግንቡ ገና ቆሞ ሳለ ማለት ነው። በ1991 ሁለተኛውን ፊልም ሠሩ። ከዚያ ሃማን በራሷ መንገድ ሄዳ ከ1993 ጀምሮ በአንድ የወንጀል ኮሜዲ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ ሆነች። ቢሆንም የሎሪዮ የልደት ቀን በደረሰ ቁጥር የእሷም ፊት ከማኅደር ይወጣል። የአንዱን ሥራ ሌላውን ቆርጦ አውጥቶ ማሳየት አይቻልምና።

ጥንድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ የልደት ምሽቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። ሃራልድ ሽሚት እና ሄርበርት ፎየርሽታይን ከ1990 እስከ 1994 በምዕራብ ጀርመኑ ክልላዊ ጣቢያ ቬዴኤር ያቀረቡት ፕሮግራም የቆመው በጭካኔ ላይ ነው። ረጅሙ ሽሚት አጭሩን ፎየርሽታይንን ያዋርዳል፣ ያቋርጣል፣ ያንቋሽሻል። ተመልካቹም ቀስ እያለ የሚገነዘበው ብልሁ ተዋራጁ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ እንዴት ናፍቀኸኛል» ቢባባል ድግሱ ተበላሸ። የእነሱ ዓይነት ጥንድ የሚከበረው በስድብ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ከተሳደቡ በኋላ አሥረኛው ላይ አንዲት ደግ ቃል ብታመልጥ ያቺ ቃል ትበቃለች።

ቶማስ ጎትሻልክ እና ማይክ ክሩገር ደግሞ ሌላ ናቸው። ሁለቱም ትልልቅ አፍንጫ አላቸው፤ እሱን ራሱን ስም አድርገው ከ1982 እስከ 1985 አራት ቀላል ፊልሞች ሠሩ። ሐያሲያን ፊታቸውን አዞሩባቸው፣ ወጣቱ ግን ሲኒማ ቤት ገባ። እኔም ከሐያሲያኑ ጋር ነኝ፤ ፊልሞቹ ደካማ ናቸው። ይሁንና ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ የሚፈጠረው የጓደኛ ወሬ ከፊልሞቹ ይልቃል። ለዚህ ዓይነት ጥንድ የልደት ዝግጅት የተመቸ ነው፤ ድርሰት አያስፈልገውም፣ ሁለት ወንበርና ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል።

የጎትሻልክ ሰባኛ ልደት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። በ2020 ሰባ ሲሞላው ዜድዲኤፍ ለዓመታት ይመራው የነበረውን ታላቅ የውርርድ ፕሮግራም «ቬተን ዳስ»ን ለልደቱ አንድ ጊዜ እንዲመልስለት ወሰነ። ኮሮና መጣና ዝግጅቱ በአንድ ዓመት ተገፋ። ኅዳር 6 ቀን 2021 ከኑረምበርግ ሲተላለፍ ልደተኛው ሰባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ 13.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ፕሮግራም ሳያውቀው ያውቀዋል። ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም በግንቦት 1981 ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በሳህል አካባቢ ለተራቡት አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ የተወራረደው እዚያ መድረክ ላይ ነው። 1.2 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ተሰበሰበ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅትም ከዚያ ተወለደ።

ወደ ጥንዶቹ እንመለስ። የእነዚህ ምሽቶች ከባዱ ክፍል የድሮ ጭውውትን እንደገና በቀጥታ መሥራት ነው። ተመልካች ይጠይቃል፣ አዘጋጅም ይጓጓል። ኮሜዲ ግን በቅጽበት የሚለካ ሥራ ነው፤ በአርባ ዓመቱ ግማሽ ሰከንድ ጠብቆ ይመልስ የነበረ ሰው በሰማንያው ሁለት ሰከንድ ቢወስድ ቃሉ ሳይቀየር ቀልዱ ይሞታል። ጎበዝ ጥንዶች ይህን ስለሚያውቁ መዘግየቱን ራሱን ቀልድ ያደርጉታል። አንዱ ይረሳል፣ ሌላው በትዕግሥት ይጠብቃል፣ አዳራሹ በመጠበቁ ይስቃል።

ዘመኑም ይቀየራል። ኤአርዲ በሚያዝያ 2025 የራሱን ሰባ አምስተኛ ዓመት ሲያከብር የሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ኮሜዲያን ዲተር ሃለርፎርደን በ1970ዎቹ ዝነኛ ያደረገውን የሱቅ ጭውውት እስር ቤት ውስጥ እንደሚካሄድ አድርጎ ደግሞ ሠራው። ድሮ ለምግብ ስም ያገለግሉ የነበሩ፣ ጥቁሮችንና ሮማ የተባሉትን የአውሮፓ አናሳ ሕዝብ የሚያዋርዱ ቃላት አስገባበት፤ ብርቱ ወቀሳም ተነሳ። ለእሱ የወገኑም ብዙ ነበሩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ጭውውቱ ያለ እነዚያ ቃላት ለሃምሳ ዓመት ሲያስቅ ኖሯል፤ ተጨምረው ምን አተረፈ?

ሎሪዮ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነበር። በ1997 የድሮ ፕሮግራሞቹን ራሱ ቆርጦና ቀጥሎ አሥራ አራት አጫጭር ክፍሎች አደረጋቸው። በ2006 ደግሞ ቴሌቪዥን እጅግ ስለ ፈጠነ ጥሩ ቀልድ አያሠራም ብሎ ከነአካቴው ተሰናበተው። ሃማን በጥቅምት 2007 ስታርፍ የስንብት ቃሉ ሥራቸውን የመሰለ ነበር፤ ጊዜ አጠባበቋ ሁልጊዜ ፍጹም እንደ ነበረ፣ ዛሬ ብቻ ተራዋን እንዳልጠበቀች ተናገረ፣ ቀጥሎም «ቆይ አንቺ» ብሎ ዛተባት። እሱ በነሐሴ 2011 ተከተላት።

በ2023 ታዲያ የሎሪዮ መቶኛ ልደት ያለ ልደተኛ ተከበረ። ፍራንክፈርት በሚገኘው የካርቱን ሙዚየም ኤግዚቢሽን ተከፈተ፣ አጫጭር የካርቱን ፊልሞቹ ተጠግነው ሠላሳ አንዱ በአንድነት ሲኒማ ቤት ገቡ፣ ቴሌቪዥኑም ማኅደሩን ከፈተ። ይህ ዓይነቱ በጥብቅ ካየነው መታሰቢያ እንጂ የልደት ልዩ ዝግጅት አይደለም፤ በር ተከፍቶ የሚገባ ሰው የለማ። ጣቢያዎቹ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፣ ተመልካቹም ቢሆን ለስሙ አይጨነቅም፤ የሚጠይቀው ፓስታው በስንት ሰዓት እንደሚታይ ነው።